እምቢ የሌለባት ሳጥን

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። «ነበር» የሚለኝ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። ሠራተኞቹ ስፌት ሲያበላሹ አይቆጣም፤ በጠመኔ መስቀል ያደርግበታል፣ እነሱም ፈትተው እንደገና ይሰፉታል። ሕመሙ ግን ምላሱን አሰረው፣ ቀኝ እጁንም አዛለው። ጭንቅላቱ ሁልጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ አዎ ይበል አይሆንም ይበል አይለይም። ልቡ ግን ያው የድሮው ነው።

አንድ ቀን ልጁ መዳፍ የምታህል ሳጥን ይዞ መጣ። አራት መጫኛዎች አሏት፤ ሲጫኗቸው ልጁ ራሱ የቀዳው ድምፅ ይናገራል፦ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «እሺ»፣ «አመሰግናለሁ»። ጎረቤቱ ሁሉ መረቀው። እኔን ግን ከነከነኝ። ሳይጠራ የማይመጣ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ለአባቱ እንዲህ የተጨነቀው? አራቱን ቃላት ባገላብጣቸውም የምይዘው ነገር አጣሁ።

የገባኝ ልጁ አንድ ነጋዴ አስከትሎ ወደ ወንድሜ ሱቅ የመጣ ዕለት ነው። ወንድሜ ጨርቅ እየዳሰሰ መዋል ስለሚወድ እንደወትሮው ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

«አባዬ፣ ሱቁን ለእሳቸው ብንለቅላቸው አይሻልም?» አለና ሳጥኗን አስጠጋለት።

የወንድሜ ጣት «ውሃ» ላይ አረፈ፣ ተነሳ፤ ወደ «አመመኝ» ሄዶ ተመለሰ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ይሄኔ ደሜ ፈላ።

«አንተ! እምቢ የሚለው የታለ?»

«አክስቴ ደግሞ! የታመመ ሰው ምን ያስፈልገዋል ብዬ እኮ ነው» አለ። ዓይኑ ግን ወደ ነጋዴው ሸሸ።

ወንድሜ ግራ እጁን ዘርግቶ ጠመኔውን አነሳ። «እሺ» ላይ መስቀል አደረገበት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ወዲያው ገባቸው፤ አንዱ ለነጋዴው በሩን ከፈተለት።

እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ ልጁን ቁጭ አድርጌ «አመሰግናለሁ»ን አስጠፋሁትና በራሴ ድምፅ «እምቢ!» ብዬ ቀዳሁበት። ምስጋናው ይቅርብን! ልጁ አኩርፎ ሲወጣ ግን ጥርጣሬዬ አብሮት አልወጣም። ጠጋ ብዬ፣

«ጋሼ፣ ለማንኛውም የሱቁን ቁልፍ እኔ ልያዝልህ?» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ጣቱ ሳያመነታ ወረደ።

«እምቢ!» አለኝ፣ በገዛ ድምፄ።