ዳርሊስ የተከለከለችው ቁርጥ ተቀናሽ

ከዳርሊስ ቲያደን ጋር በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ሠርተናል። ነገር የማታበዛ፣ ወሬ የማታመላልስ ሴት ናት። በዓለም ላይ የምታምነው ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ባሏን ቨርሊንንና ጓደኛዋን ላቮንን። ላቮን ለግማሹ ከተማ ሰው ግብር የምትሠራ፣ የዳርሊስም ልጅ የክርስትና እናት ናት።

በመከር መሀል፣ በቆሎው እየታጨደ ሳለ፣ ቨርሊን ልብሱን ፒክአፕ ላይ ጭኖ ከቤት ወጣ። ክረምቱ አልፎ መጋቢት ሲገባ ፍቺያቸው ገና አላለቀም ነበር። ዳርሊስ ወረቀቶቿን በፖስታ ከታ ላቮን ዘንድ ሄደች። የተባባሉትን በማግስቱ ሽንኩርት እየከተፍን ነገረችኝ።

"ዘንድሮ ግብሩን እኔና ቨርሊን ለየብቻችን ነው የምናስገባው፤ እንደው ቁርጡን ተቀናሽ አድርጊልኝና ልሂድ" ትላታለች። ቁርጡ መንግሥት ደረሰኝ ሳይጠይቅ፣ ግብር ሳይጥልበት ከገቢ ላይ የሚተወው መጠን ነው። ወጪ የበዛበት ሰው ቁርጡን ትቶ ወጪውን ይዘረዝራል።

ላቮን መነጽሯን አወለቀች። "አይሆንም፣ ዳርሊስዬ።"

"ለምን አይሆንም?"

"ቨርሊን በዝርዝር አስገብቷል። ከባልና ሚስት አንዱ ከዘረዘረ ሌላው ቁርጡን መውሰድ አይችልም። የፌዴራሉ ሕግ ነው።"

"እንግዲያው የኔንም ዘርዝሪዋ! የቤቱ ወለድ አለ፣ የቤቱ ግብር አለ።"

"እነሱን ወስዷቸዋል።"

"ሁሉንም? ማነው የሠራለት?"

ላቮን ጠረጴዛዋን እያየች መለሰች። "የካቲት ላይ መጣ። እሱም ደንበኛዬ ነው፣ ምን ላድርግ? ደግሞ የፌዴራሉ ሲበዛብሽ የአዮዋው ይቀንስልሻል።"

ይህ እንኳ እውነት ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ ግዛት በአዮዋ ለፌዴራል የተከፈለ ግብር ግዛቱ ከሚቆጥረው ገቢ ላይ ይነሳ ነበር። ግን መቶ ዶላር ተጨማሪ ለከፈለ ሰው የሚተርፈው ሰባት ስምንት ዶላር ቢሆን ነው። ላሟን ነድቶ ጭራዋን እንደ መመለስ።

"ገንዘቡ አይደለም" አለችኝ ዳርሊስ ቢላዋዋን አስቀምጣ። "የካቲትን ሙሉ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከላቮን ጋር ከአንድ መጽሐፍ አብረን ዘምረናል። እያወቀች!"

በዚያው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ሄዳ የግብር መመሪያውን በወረቀት አተመች። ሦስት ቀን እርሳስ ይዛ አነበበችው። ከጋራ ሒሳብ የተከፈለ ወለድ ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። ከደመወዟ ለአዮዋ የተቆረጠው ግብርም በፌዴራሉ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው የራሷ ሆኖ ነው። ስትደምረው ቁርጡን አልሞላም፤ ባዶም ግን አልነበረም።

ለቨርሊን ደወለች። "ግማሹን ወለድ መልስ፤ ወረቀትህን አስተካክል።"

"እኔን ለምን ትጮሂብኛለሽ? ላቮን ናት 'ቶሎ ና፣ እሷ ሳትመጣ እንጨርሰው' ያለችኝ!"

ዳርሊስ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ምን እንዳደረገች አልነገረችኝም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሥራ የቀረችው ግን በዚያን ቀን ብቻ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ስናቀርብ ላቮን ሳህን ይዛ መጣች።

"ዳርሊስዬ፣ ስሚኝ እስቲ። ቨርሊን ቢሮዬ ተቀምጦ አለቀሰብኝ፤ አሳዘነኝ።"

"እኔስ ባለቅስ ኖሮ?"

"አንቺማ ጠንካራ ነሽ። ትችይዋለሽ ብዬ ነው።"

"ስለቻልኩ ነው የሸጥሽኝ?" አለች ዳርሊስ፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ለልጄ የክርስትና እናቱ ነሽ፤ እሱን አልነጥቅሽም። የኔን ፋይል ግን ነገ መጥቼ እወስዳለሁ።"

ሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ላቮን ሁለት ካርቶን አወጣችልን፤ ማንም ማንንም አልተሰናበተም።

ቨርሊን የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ወረቀቱን አስተካክሎ ልዩነቱን ከነቅጣቱ ከፈለ። ዳርሊስ የራሷን በራሷ እጅ ሠርታ አስገባች፤ ከአዮዋም ትንሽ ተመላሽ መጣላት። በዓመቱ ያ ተመላሽ ለፌዴራል እንደ ገቢ እንደሚቆጠር አንብባ አሳየችኝ፤ አስቀድማ በዝርዝሯ ቀንሳው ነበርና።

"መንግሥትስ የሚወስደውን ቀድሞ ጽፎ ይናገራል" አለችና ቁጥሩን ሞላች። ፍቺው አልቆ ቤቱ ለእሷ ደርሷት ነበርና በሐምሌ ሸጠችው።