ያልተሰበረ ባሌስትራ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የሚነዳው እኛን ነው። ቁስቋም ዳገቱ ላይ ካለው ግቢያችን ማንም ሲወጣ "ቁልቁለት ነው፣ በማርሽ ውረድ" ሳይባል አይወጣም። እኔንም ያሳደገኝ በዚሁ ቋንቋ ነው። ስቸኩል "ማርሽ አትዝለይ" ይለኛል። ሳኮርፍ ደግሞ "ይቺ ልጅ ዛሬም ሞተሯ ሞቋል" ብሎ ለእናቴ ያሳብቃል። ሞተሬ ቶሎ እንደሚሞቅ አልክድም፤ ከማን እንደወረስኩት ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

እኔ የአውሮፕላን አካል ጠጋኝ ነኝ። አውሮፕላን ላይ እንደምሠራ ስናገር ሰው ሁሉ "ሆስተስ ነሽ?" ይለኛል፤ እጄን ሲጨብጥ ግን ጥያቄውን ይተወዋል። ሞተሩም ኤሌክትሪኩም የሌሎች ነው፤ የኔ ድርሻ ቆርቆሮውና አጥንቱ ነው። የምሠራበት ድርጅት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያከራይ ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሽማግሌ ነው። እሱን እወደዋለሁ። ሽማግሌን መውደድ ደግሞ ሥራ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ብረት ይደክማል። አውሮፕላኑ በተነሳ ቁጥር ክንፉ ወደ ላይ ይለጠጣል፣ ባረፈ ቁጥር ይመለሳል። ይህን ለዓመታት ሲያደርግ ከኖረ በኋላ አንድ ቀን፣ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ሥሩ ላይ፣ በአንዱ ብሎን ቀዳዳ ጠርዝ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትጀምራለች። ዓይን አያያትም። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለው አውሮፕላን አስገዳጅ መመሪያ ይወጣል፤ ስንጥቅ ታየም አልታየም፣ ጊዜው ሲደርስ ክንፉ ይፈታል፣ አሮጌው ብሎን ይወጣል፣ የደከመው የቀዳዳ ጠርዝ ተሞርዶ ይነሳል፣ ወፍራም አዲስ ብሎን ይገባል፣ ጎኑም በተጨማሪ ብረት ይደገፋል። "ደህና ነው እኮ፣ ለምን ይነካል?" ብሎ መከራከር የለም።

ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ለአባት መንገር ግን ጥሩ አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው በአዳዳዬ ነው። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት። የአባቴ ታላቅና ብቸኛ እህት ናት፣ ያሳደገችውም እሷ ናት፣ የምትኖረው ደምቢ ዶሎ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ መርሳት አመጣች። መጀመሪያ የድስት ክዳን ያስቀመጠችበትን ረሳች፣ ቀጥላ የጎረቤት ስም፣ በመጨረሻም የወንድሟን ድምፅ። አንድ እሁድ ከቸርች መልስ አባቴ ደወለላትና "እኔ ነኝ" አላት። እሷም እንደ እንግዳ አንቱ እያለች መረቀችው፤ ልጆችዎ ይደጉልዎ፣ ጤና ይስጥዎ። አባቴ "አሜን" ብሎ ስልኩን ዘጋ፣ ከዚያም ንጹሑን ስኒ ወስዶ ሲያጥብ ቆየ። ጨርሳ ሳትረሳው በፊት አንድ ጊዜ ዓይኗን ማየት እንደሚፈልግ የነገረን ስኒውን እያጠበ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶን።

በመኪና እንዳይሄድ ወገቡ ያንን መንገድ አይችለውም፤ ሐኪሙም ከልክሎታል። ሽማግሌው አውሮፕላን ግን ደምቢ ዶሎ ይመላለሳል፣ ለሠራተኛ ቤተሰብም ባዶ ወንበር ሲኖር ይፈቀዳል። እኔም ደስ እያለኝ ምሳ ላይ አበሰርኩት። አባቴ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም።

"አዲስ ነው?" አለኝ፣ ጉርሻውን እያዘጋጀ።

እዚህ ላይ "አዎ" ብል ምን ነበረበት? አፌ ግን ሥራዬን ሲያወራ ፍሬን የለውም። "ኧረ ሽማግሌ ነው፤ በቅርቡ እኮ ነው ክንፉን የፈታነው!" አልኩ።

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

"ክንፉን?"

"ስንጥቅ እንዳይጀምረው። እ... ማለቴ፣ ብረት ሲያረጅ ይደክማል አይደል?"

"ብረት ይደክማል? ቆሞ እየዋለ ምን አደከመው? ደግሞ ያልተሰበረ ይነካል እንዴ?"

ይኼኔ ዝም ማለት ሲገባኝ ማስተማር አማረኝ። ከልብስ ማስጫው የተረፈ ሽቦ አመጣሁና ፊቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አጣጥፈው ጀመር። "አየህ፣ አንዴ ብታጥፈው ምንም አይሆንም። ደግመህ ብታጥፈውም ምንም አይሆንም። እየቆየ ሲሄድ ግን—" ሽቦው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ትምህርቱ ግሩም ነበር፤ ተማሪው ብቻ የተሳሳተ ነበር። አባቴ ሁለቱን ስባሪዎች ከጠረጴዛው አንስቶ ኮት ኪሱ ከተታቸውና "በዚህ ነው እህትህ ጋ የምወስድህ የምትዪኝ" ብሎ ተነሳ። በቃ፣ አልሄድም አለ።

አባቴን አንተ እያልኩ ነው ያደግኩት፤ አንቱ የምለው ስናደድበት ብቻ ነው። ያን ሰሞን አንቱ ሆኖ ሰነበተ።

እሱም አልተኛልኝም። በየቀኑ ታክሲ ይዞ ዊንጌት ይወርዳል፣ ጓደኞቹ ከሚቀመጡበት ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ይደርሳል፣ ሽቦውን ከኪሱ ያወጣል። "ልጄ የምትሠራበት አውሮፕላን ይኼ ነው" እያለ ሲያሳይ ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። የአሉባልታው ፍጥነት ከአውሮፕላኑ ይበልጥ ነበር። ረቡዕ ዕለት የእናቴ የጸሎት ቡድን ቤታችን ተሰብስቦ ጉዳዩ ለጌታ ቀረበ። አንዷ እህት እጇን ዘርግታ "ጌታ ሆይ፣ የዚያን አውሮፕላን ስንጥቅ በደምህ ሸፍነው!" ብላ ጮኸች። እኔ ከጓዳ ሆኜ አላስቻለኝም፤ "ኧረ አይሸፈን! እኛ ጋ ጠላታችን የተሸፈነ ስንጥቅ ነው! ግለጠው በሉት!" ብዬ ጮህኩ። እናቴ በዓይኗ ገረፈችኝና "ግለጠው ጌታ ሆይ" ብላ አስተካከለች።

በዚህ መሃል አዳዳ እየባሰባት ነበር። የምታስታምማት ልጇ ስትደውል ድምፅዋ በየጊዜው እየቀነሰ መጣ። አባቴም ይሰማል፣ ይነሳል፣ ስኒ ያጥባል። ሽቦውን በኪሱ ውስጥ ሲነካካው አየዋለሁ። ፈሪ ነው ብዬ ስናደድበት ቆይቼ፣ ያን ጊዜ ግን አሳዘነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ዊንጌት ወረድኩ፤ ጓደኞቹን አስረድቼ በሽማግሌ ላስለምነው አስቤ ነው። ጎሚስታው፣ ከአባቴ ጋር ጎማ ሲለጥፍለት ያረጀ ሰው፣ እስክጨርስ አልጠበቀኝም። መሳቅ ጀመረ።

"እሱ ነው ያልተሰበረ አይነካም ያለሽ? እሱ?" አለና ጎማውን ጥሎ ሆዱን ያዘ። "ልጄ፣ አባትሽ እኮ በየክረምቱ ደህናውን ባሌስትራ እያስፈታ የሾፌሩ ሁሉ መሳቂያ ነበር! ምን ሆነህ ነው ስንለው 'እህቴ አዝዛኛለች' ይላል። ኧረ ብረቱ እናንተ ደጅ አለ፣ ስትረግጪው ነው ያደግሽው።"

እውነትም አለ። ባሌስትራ ከባድ መኪናን ከነጭነቱ የሚሸከም፣ ጎበጥ ጎበጥ ያለ የተደራረበ ብረት ነው። ከደጃችን ያለችውን ቦይ የምንሻገረው እነዚያን ብረቶች ጎን ለጎን አጋድመን ነው። ትምህርት ቤት የሄድኩት በነሱ ላይ፣ ሥራ የምሄደውም በነሱ ላይ ነው፤ ከየት መጡ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። አባቴን ከቤት ጠርቼ ብረቶቹ ላይ ቆምኩ።

"አባዬ፣ ይኼ ብረት ተሰብሮ ነው የወጣው?"

"የት ተሰበረ? አንቺን የሚያህል ተሸክሞ የለም እንዴ!"

"ታዲያ ደህናውን ብረት ለምን አወጣኸው?"

አባቴ ከደጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ከዚህ በፊት ያልነገረኝን ነገረኝ። የአዳዳ ባልም ሾፌር ነበር። አንድ ክረምት ቁልቁለት ላይ ባሌስትራው ተሰበረና መኪናው ገደል ገባ። ጠዋት ሲነሳ ብረቱ ደህና ነበር፤ ያየው ሁሉ ደህና ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዳዳ፣ ወንድሟ ጭነት ይዞ ደምቢ ዶሎ ሲመጣ፣ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ዋናውን ብረት ካልቀየረ ከግቢዋ አታስወጣውም። ቀየርኩ ቢላትም አታምነውም፤ መኪናው በር ላይ ቆማ "አሮጌው የታለ?" ትላለች። አሮጌውን ብረት አምጥቶ እጇ ላይ ካላስቀመጠ መንገድ የለም። በእጇ መዝና፣ ገልብጣ አይታ "አሁን እግዚአብሔር ይከተልህ" ስትለው ብቻ ነው ሞተር የሚያስነሳው።

"እና ያ መመሪያ የምትዪው..." አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እሱ የማን ባል ሞቶ ነው የወጣው?"

"አላውቅም አባዬ። ሩቅ አገር ነው። ግን የሆነ ሰው አልቅሷል።"

"አልቅሷል" አለ። ከድንጋዩ ተነሳና "እንግዲያው አሮጌውን ብሎን ካላየሁ አልሳፈርም" አለኝ።

ሰኞ ሙሉ ልብሱን ከነባርኔጣው ለብሶ አለቃዬ በፈቀዱልን ሰዓት አውሮፕላኑ የሚጠገንበት ሃንጋር ገባ። ካርቶን አስነጥፎ፣ ወገቡን ረስቶ፣ መኪናው ሥር እንደሚያደርገው ክንፉ ሥር በጀርባው ሊተኛ ሲል ለመንኩትና ተወው። የወጡት ብሎኖች ቀይ ታርጋ ታስሮባቸው በተቆለፈ ሽቦ አጥር ውስጥ ነበሩ። አንዱን በእጁ ሰጠሁት። ወደ ብርሃን አዙሮ አየው፣ በጥፍሩ ዳሰሰው። "ምንም አልሆነም እኮ" አለ፣ ቅር እንዳለው ሰው። "ምንም ሳይሆን ነው ያወጣነው" አልኩት። ኪሱ ሊከተው ሲል እጁን ያዝኩት። አሮጌ ብሎን ከዚያ አይወጣም፤ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ተቆርጦ ነው የሚጣለው። ይቀየመኛል ስል ደስ አለው። "ደግ አደረጋችሁ፤ የኛ ሰው ቀብቶ ይሸጠው ነበር" አለ።

በበረራው ቀን መስኮቱ ጋ ተቀምጦ የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ እንደ መሪ ጨበጠ። የክረምቱ ደመና ውስጥ ስንገባ "ክንፉ ያረገርጋል!" አለኝ። "ማረግረግ አለበት" ስለው ተቆጣ፤ "አውቃለሁ! ባሌስትራም ያረገርጋል፤ እኔን ታስተምሪኛለሽ እንዴ?" አለ። ከዚያ በኋላ አብራሪው ባዘነበለ ቁጥር በእግሩ ፍሬን ይረግጥለት ነበር። ስናርፍ "ልጁ ጥሩ ይነዳል፤ ማርሽ ብቻ አይቀይርም" ብሎ መሰከረለት።

አዳዳ በረንዳዋ ላይ በነጠላ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። እሷም ፈገግ ብላ "ኖር፣ እንግዶች፣ ከየት ነው የመጣችሁት?" አለችን በኦሮምኛ። አባቴ ስሙን ነገራት። የእናታቸውን ስም ነገራት፣ ያሳደገችበትን ቤት፣ ያጠጣችውን ወተት ሳይቀር ነገራት። በትሕትና አዳመጠችውና "ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይረፉ" አለችው። አባቴ የሚያጥበው ስኒ ስላልነበረ ባርኔጣውን አውልቆ አቧራ የሌለበትን ያራግፍ ጀመር። ዘግይተን መጣን አልኩ በልቤ።

ልጇ ወሬ ለማስቀየር "ረጅም መንገድ ነው የመጡት" አለቻት።

አዳዳ ቀና አለች። የአባቴን እጅ አየች፣ ዕድሜውን ሙሉ መሪ የያዘውን ወፍራም እጅ፤ ከዚያ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"በክረምት?" አለች። "ባሌስትራውን ቀይረሃል?"

አባቴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት፣ ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። "ቀይሬያለሁ። ይቺ ናት የቀየረችው፣ ልጄ ናት።"

"አሮጌው የታለ?" አለችው፣ መዳፏን ዘርግታ።

እኔ ደነገጥኩ፤ ብሎኑ ሃንጋር ነው ያለው። አባቴ ግን እጁን ኮት ኪሱ ከተተና፣ ዊንጌትን ሁሉ ሲያስደነግጥበት የሰነበተውን ስባሪ ሽቦ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። አዳዳ በእጇ መዘነችው፣ ገልብጣ አየችው፣ ስባሪውን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ደግ" አለች። "አሁን እግዚአብሔር ይከተልህ፣ ሂድ።"

"አሁን እኮ ነው የመጣሁት" አለ አባቴ እያለቀሰ፣ "ዛሬስ አልሄድም።"