የሽኮኮዎቼ ጾም

በቅሎ ገብስ ስትቆረጥም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ክርች፣ ክርች፣ ክርች ነው የሚለው፤ ጥጋብ ያለበት፣ የማይቸኩል ድምፅ። እዚህ ላሊበላ ከቤቴ በታች፣ ፈረንጅ ወደ ተራራው የሚያወጡ በቅሎዎች ማለዳ ማለዳ ይታሰራሉ። ባለቤቶቻቸው የገብሱን ከረጢት አፋቸው ላይ ሲያንጠለጥሉላቸው እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ። ጎረቤቶቼ ሽታው አስቸግሯት ነው ይላሉ። ሽታውስ ደግ ነው፤ ላብና ጭድ ነው፣ ያደግሁበት። የማልችለው ድምፁን ነው። ይኼ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ልጆች ወልጄ አሳድጌ፣ እሱን ስሰማ ደሜ እንደገና ይፈላል።

ነገሩ የሽኮኮ ነገር ነው። አትሳቁብኝ።

ያደግሁት ከገነተ ማርያም ወዲህ፣ ገደል ተደግፋ በተቀመጠች ትንሽ መንደር ነው። ደርግ ከወደቀ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አገሩ ሁሉ እርከን ይሠራ ነበር። አባቴም ከመንደሩ ሰው ጋር ወጥቶ ለስንዴና ለዘይት ድንጋይ ሲፈነቅል ይውል ነበር። አንድ ቀን የፈነቀሉት ቋጥኝ ተንከባሎ አንዲት ሽኮኮ ገደለ። ሁለት ልጆቿ ከስንጥቁ ውስጥ ተረፉ። አባቴ ሲመሽ የጋቢውን ጫፍ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ገባና ጭኔ ላይ ፈታው።

«እንቺ። እናታቸውን የገደልናት እኛ ነን፤ እንግዲህ አሳድጊ» አለኝ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። መጀመሪያ የፍየል ወተት በጥጥ እየነከርሁ አጠባኋቸው። ትንንሽ ጥርሳቸው ጥጡን ነክሶ አይለቅም፤ ጣቴንም አብረው ይነክሱ ነበር። ከፍ ሲሉ የወይራ ቅጠል፣ ቀጥሎ ጎመን፣ ቀጥሎ ከአጥር የለቀምሁት ቀጋ። እናቴ «ቤቴን የአውሬ ጎሬ አደረጋችሁት!» እያለች ትጮሃለች፤ ጎመን ስትቀነጥስ ግን የውጪውን ቅጠል ለብቻ ታስቀምጣለች። «ለማን ነው?» ስላት «ለማንም አይደለም፣ ውሰጂና ጣይው» ትላለች። ወስጄ ለነሱ ነበር የምጥለው።

ጓሮ ያለው የተሰነጠቀ ጎታ፣ ድሮ እህል ይገባበት የነበረው፣ በጎኑ ተኝቶ ቤታቸው ሆነ። ሽኮኮ ስትጠግብ ዝም ብላ የምትተኛ መስሏችኋል? ሥራ ካጣች የጓደኛዋን ጠጉር እየነጨች ትውላለች። ይህን ያወቅሁት የሴቷ ጀርባ መመለጥ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ጨዋታ ፈጠርሁላቸው። ቅል በስቼ የባቄላ በቆልት እከትበታለሁ፤ ቅሉን ሲያንከባልሉት አንድ ፍሬ ትወድቃለች፣ ይሻማሉ፣ ደግሞ ያንከባልላሉ። ከድንጋይ ሥር ቀጋ እደብቃለሁ፤ በአፍንጫቸው እየፈለጉ ያገኙታል። ከሥራ የተመለሱ ጎረምሶች ሳይቀሩ አጥሩን ተደግፈው «ኧረ ያቺን እያት፣ ገፍትራው ወሰደችበት!» እያሉ ይስቁ ነበር።

ሴቷን በቀለሟ ገብስማ አልኋት። ወንዱ ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ጎታው ላይ ይቆምና ይጮሃል። ከታች ከጉሮሮው ይጀምራል፣ ያጓትታል፣ ከፍ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል፣ መጨረሻ ላይ በአፍንጫው እንፍ ብሎ ያበቃል። የደብራችን መሪጌታ ዜማ ሲያነሳ ልክ እንዲሁ ነው፤ እንፏ እንኳን አልቀረችም። ስለዚህ ስሙን መሪጌታ አልሁት። አባቴ ሲሰማ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀና «ከግቢ እንዳይወጣ!» አለኝ።

ወጣ እንጂ። የነነዌ ጾም ሊገባ፣ በቅዳሜው፣ በጓሮ በኩል በቆልቴን ይዤ «መሪጌታ! ና፣ መሪጌታ! ገብስማ ሳትጨርስብህ!» እያልሁ ስጣራ፣ እውነተኛው መሪጌታ በበቅሎው ከአጥሩ ማዶ ቆሟል።

ሌላው ሰው ሁሉ እሳቸው ይለዋል። እኔ ፊት ለፊቱ አንቱ ብዬዋለሁ፤ ሳወራው ግን እሱ ነው የምለው። አባቴን እሱ የምለው ከፍቅር ነው፤ ይኼኛውን ከንዴት።

«ማንን ነው የምትጠሪው?» አለኝ።

«ሽኮኮውን ነው፣ የኔታ።»

በቅሎው ላይ እንዳለ አንገቱን አስግጎ አየው። ሽኮኮዬም፣ አልፈርድበትም፣ ጎታው ላይ ወጥቶ ያንኑ ዜማውን አወረደው፤ እስከ እንፏ ድረስ። አባቴ በሩጫ መጥቶ «ልጅ ናት፣ መሪጌታ፣ አላወቀችም፣ ይቅር ይበሉን» እያለ መሬት ሳመ። መሪጌታው አልተቆጣም። ፈገግ አለና በቅሎዋን ኮርኩሮ ሄደ። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ፣ መሪጌታው ተነስቶ ስለ ነነዌ ሰዎች ነገረን። ንጉሡ ማቅ መልበሱን፣ ሰው ቀርቶ ከብትና እንስሳ ሦስት ቀን እህልም ውሃም እንዳይቀምሱ መታዘዙን፣ በዚህም ከተማዋ መዳኗን። ድምፁ ያምር ነበር፤ እኔም አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። ከዚያ ዓይኑን አባቴ ላይ ጣለ።

«በኛ አገር ግን ርኩስ አውሬ በበቆልት ይቀለባል። እንዲህ እየሆነ ዝናብ እንለምናለን። ሰባ ሰባትን ረሳችኋት?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አባቴን አየው። ሰባ ሰባትን ማን ይረሳል? እኔ ከዚያ በኋላ የተወለድሁ ነኝ፤ ከኔ በፊት አንድ ወንድምና አንዲት እህት ነበሩኝ። በዚያ ዓመት ረሃብ በአንድ ሳምንት ሁለቱም ሄዱ። ቤታችን ስማቸው አይነሳም። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ ተነሳ።

ቤት ስንደርስ የእህል መከደኛ የነበረውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሞ የጎታውን አፍ ዘጋው።

«ሦስት ቀን ነው» አለ።

«በጎቹስ?»

«በጎቹን ማንም አላነሳቸው።»

«ታዲያ ለምን እነሱ ብቻ?»

«ዝም በይ! ዝናብ ቢቀር በአንቺ ጦስ ነው የሚሉት። በአንቺ!»

ይኼን ቃል ነው ያልቻልሁት። በአንቺ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አገር በሆዷ ተሸክማ ታድራለች? እኔ ተሸክሜ አደርሁ።

ሰኞ ድንጋዩን ሲቧጥጡ ዋሉ። ቀርቤ ስቀመጥ እግሬን ያውቁታልና መቧጠጡ ይብሳል፤ ስርቅ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ራቅሁ። እናቴ ጎመን ቀነጠሰች፤ የውጪውን ቅጠል አላስቀመጠችም፣ ከጥራጊው ጋር ደፋችው። ማክሰኞ ከሰዓት በፊት የተዋስነውን ወንፊት መልሺ ብላ ወደ መሪጌታው ቤት ላከችኝ።

እዚያ ነው እንግዲህ። ሽማግሌዎችና የቆሎ ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው የቅዳሴውን ሰዓት ይጠብቃሉ፤ እሱም መሐላቸው መቋሚያውን ይዞ ተቀምጧል። በቅሎዋ ዋንዛው ሥር ታስራለች። ከረጢቱ አፏ ላይ ነው። ክርች። ክርች። ክርች።

ወንፊቱን መሬት ላይ አስቀመጥሁ።

«የኔታ፣ በቅሎዋ አትጾምም?»

አንዱ ተማሪ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«እሷ ሥራ አለባት» አለ መሪጌታው፤ «ነገ ላሊበላ ታደርሰኛለች።»

«የነነዌ በቅሎዎች ሥራ አልነበራቸውም?»

አሁን ሽማግሌዎቹም ሳቁ። አንደኛው «ኧረ ይቺ ልጅ ትርጓሜ ገባች!» አለ። የመሪጌታው ፊት ጠቆረ። «ይኼ ምላስ የማን ነው? አባትሽ ነው ያስተማረሽ?» እኔም ከዚያ በኋላ የሚወጣኝን አላውቀውም ነበር፤ እየጮህሁ ነው። «የእርስዎ በቅሎ ስትበላ ዝናብ አይቀርም፣ የኔ ሽኮኮ ሲበላ ነው የሚቀረው?» አልሁና ሮጥሁ።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቶ ጠበቀኝ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ድንጋይ ሲፈነቅል የዋለ መዳፍ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ጉንጬን አገኘው። ከዚያ በፊት መቶኝ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልመታኝም። «በሰው ፊት አዋረድሻቸው» አለ፤ ድምፁ ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነው።

ሁሉም ሲረሱኝ ጓሮ ሄድሁ። መቧጠጡ የለም። እጄን ድንጋዩ ላይ አደረግሁ። አቅሙ ነበረኝ፤ በትከሻዬ ብገፋው ይንከባለል ነበር። ያን ጊዜ የዝናቡ ነገር መጣብኝ፣ የወንድሜና የእህቴ ነገር መጣብኝ፣ እጄን ከድንጋዩ አነሳሁ። በመሪጌታው ብናደድ፣ በአባቴ ብናደድ፣ እንደዚያች እጄ ያናደደኝ የለም። ኋላ አድጌ የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው «እንስሳ ይጹም የሚል ሥርዓት የለንም፣ ልጄ፤ እሱ የዚያ ንጉሥ ትእዛዝ ነው» አሉኝ። እንዲህ በቀላሉ። አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ከመንደሩ አዋቂ ሁሉ አንድ ሰው አልጠየቃትም።

ረቡዕ ፀሐይ ስትወጣ ዜማ አልተሰማም። ሮጬ ሄጄ ድንጋዩን ገፋሁት። ውስጡ ሽንትና የደረቀ ቅጠል ይሸታል። ወንዱ በጎኑ ተኝቶ ደርቋል። ገብስማ በላዩ ላይ ተጠቅልላለች፤ ትተነፍሳለች፣ ዓይኗን ግን አትገልጥም። እሱን አውጥቼ በነጠላዬ ጠቀለልሁት። አላለቀስሁም። ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ያን ጊዜ አባቴ ከቁልቁለቱ ሲወጣ አየሁት። እኛ ተኝተን ሳለን ነው የወጣው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ቁርጭምጭሚቱን ውርጭ አቅልቶታል፤ ጋቢውን ደረቱ ላይ ጨምድዶ ወዲያና ወዲህ እያየ መጣ። ከጎኔ ተንበርክኮ ሲፈታው የወንዝ ዳር ሣር ነው። በዚያ በበጋ፣ አገሩ ሁሉ አመድ መስሎ ሳለ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ለምለም ሣር። ወንዙ ለመሄድ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል።

«ቶሎ በይ» አለኝ፤ «ሰው ሳያየን።»

ነጠላዬን ገለጥሁለት።

ሽኮኮውን አየው። እኔም የምለውን ሁሉ ይዤለት ነበር፤ ጥፊውን፣ ድንጋዩን፣ «በአንቺ» ያለኝን። እሱም ሣሩን እንደያዘ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ፣ እንዲህ አለ፦

«ያኔም ስንዴውን ይዤ የደረስሁት በማግስቱ ነው።»

ስለ ወንድሜና ስለ እህቴ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የያዝሁት ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ገብስማን ከጎታው አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኋት። «አባባ፣ አንቱ ይስጧት» አልሁት። አንዲት ዘለላ መዘዘና አፏ ላይ አደረጋት። መጀመሪያ አልነካቻትም። ዘለላዋን አፏ ላይ እንደያዘ ጠበቃት፤ እኔም አብሬ ጠበቅሁ።