ሁለቴ የተዳረችው ዘሀራ

ልጅ እያለሁ ጥር ሲገባ አባቴን የማየው ተኝቶ ብቻ ነበር። ከቆቦ እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ ሰርግ ወይም ክርስትና ሲኖር፣ ልጅ ቁርዓን ሲያኸትም፣ የሚጠራው ፎቶ አንሺ እሱ ነው። ሲመለስ እላዩ ላይ ያለው አቧራ መልኩን ያጠፋዋል። የማሽላ ገለባ፣ ሲያቅፉት የነካው የሙሽሮች ቅቤ፣ የካሜራው ቦርሳ ቆዳ፣ ሁሉም ተቀላቅሎ ይሸታል። መደቡ ላይ ከነጫማው ይዘረጋል፤ እናቴ ጫማውን ትስብለታለች። እኛም ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት በአንድ እግር የምንዘለው ድምፅ ሳናሰማ፣ ስንስቅ እንኳ አፋችንን በእጃችን ይዘን ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ የደከመው ሰው አይቻለሁ፤ እንደ አባቴ ድካም ግን ቤቱን ሁሉ ዝም የሚያሰኝ አላየሁም።

ስቱዲዮ የምንለው ቆቦ ያለው የቤታችን የፊት ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት ሸራ ተወጥሯል። ላብ በላብ ሆኖ ከገበያ የመጣ ሰው እዚያ ውኃ ፊት ቆሞ፣ እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይነሳል። አባቴ ማንንም ‹አትሳቁ› ብሎ አያውቅም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩ የማይስቁት። ከሥራው ለእኔ የሚተርፈኝ ጥቁሯ የፊልም ማስቀመጫ ብልቃጥ ነበረች። አንዷ ውስጥ ጠጠር፣ አንዷ ውስጥ ጨሌ፣ አንዷ ውስጥ ከእናቴ የሰረቅኩት ስኳር አለ። ትምህርት ቤት ይዤ ስሄድ ሀብታም ነበርኩ። የፍላሹ ባትሪ ሲደክም ደግሞ ጣሪያው ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ ያን ጊዜ ባትሪም ሰውም በፀሐይ የሚበረታ ይመስለኝ ነበር።

ከዋጃ ወደ ተራራው ገባ ብሎ ባለ መንደር ውስጥ ዘሀራ የምትባል ልጅ ልትዳር ነው ብለው አባቴን የጠሩት በአንዱ እንዲህ ባለ ጥር ነበር። ዘሀራ ወላጅ የላትም፤ ያሳደጓት አያቷ አባባ ሰይድ ናቸው። ባሏ ሁሴን አፋር፣ ሎግያ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ከሰርጉ በኋላ ወደዚያው ይዟት ሊሄድ ነው። አባባ ሰይድ በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም፤ አባቴ ካሜራ ባወጣ ቁጥር ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ይስቡ ነበር አሉ። ዘሀራ ግን ‹የእርስዎን መልክ ሳልይዝ ከዚህ አልሄድም› ብላ ለምና፣ ለምና፣ እሺ አሰኘቻቸው። አባቴ የዚያን ቀን ከሰርጉ ሲመለስ እንደወትሮው ወዲያው አልተኛም። ጫማውን ሳያወልቅ ለእናቴ፣ ‹‹ሽማግሌውን አነሳኋቸው እኮ!›› አላት። ፈገግታው እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ፊልሙ ታጥቦ የሚመጣው ከደሴ ነው። ለሾፌር ይላካል፣ በሾፌር ይመለሳል። የዘሀራ ፊልም ሲመለስ አባቴ በራፋችን ላይ ቆሞ ወደ ፀሐይ አነሳው፤ ከዚያ ገልብጦ አነሳው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነበር። በዚያ ሳምንት ከሰርግ ወደ ሰርግ ሲሮጥ፣ እንቅልፍ እያንገላታው ፊልሙን ካሜራው ውስጥ ሲያስገባ፣ ጫፉ መጠቅለያው ላይ ሳይዝለት ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ካሜራው ‹ቀጭ› ሲል፣ ፍላሹ ሲበራ፣ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ውሏል። ፊልሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እናቴ አጠገቡ ተቀመጠች። ‹‹ደሴ ሲያጥቡት ነው ያበላሹት በላቸዋ፤ ማን ያውቃል?›› አለችው።

‹‹እኔ አውቃለሁ›› አለ አባቴ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ወደ ዘሀራ መንደር ሊሄድ ሲነሳ እናቴ የኔን ፊት አጥባ፣ ፀጉሬን በውኃ አርሳ ለጥፋ፣ ‹‹ሙሉን ይዘሃት ሂድ›› አለችው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት የቀሚሴን መቀነት ቋጠረችልኝ። በኋላ፣ ‹‹ልጅ ይዞ የመጣን ሰው አይመቱም›› አለች። እኔ ዋጃ ልሄድ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል። አውቶቡሱ ውስጥ የዞብልን ተራራ በመስኮት እያየሁ ስለፈልፍ አባቴ ፊልሙ ያለበትን ኪሱን ይዳብስ ነበር። ከዋጃ ወርደን በታጨደ ማሽላ መካከል በእግር ስንሄድ ዞር ብሎ፣ ‹‹ሲቆጡኝ እንዳታለቅሺ፣ እሺ?›› አለኝ። ያን ጊዜ ነው እጁን የያዝኩት።

መንደሩ ሳንደርስ ልጆች አዩን። ‹‹ፎቶው መጣ! ፎቶው መጣ!›› እያሉ ከፊታችን ሮጡ። ሰው ከየቤቱ እጁን እየጠራረገ ወጣ። ዘሀራ ራሷ በሩ ላይ ነበረች፤ አያቷ ታመው ልታስታምም ከባሏ ቤት መጥታለች። ወባ ነው አሉ፤ አባባ ሰይድ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

‹‹ጋሽ ካሳ፣ እንኳን ደረስክልኝ›› አለችው ዘሀራ። ‹‹የዛሬ ሳምንት ሎግያ ልንሄድ ነው። በል አሳየኝ።››

አባቴ ፊልሙን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። ‹‹ምንም የለበትም ዘሀራ›› አለ። ‹‹ባዶ ነው። ሳስገባው አልያዘም ነበር፤ ሳላየው ቀረሁ። የማንም ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው።››

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ የዘሀራ አክስት ሀዋ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ‹‹ያ አላህ! ሰርጋችንን በላኸው?›› ብላ ጮኸች። ‹‹ያን ሁሉ ቀን አቁመህ አቁመህ ያነደድከን ለባዶ ነው? ሽማግሌው እንዲያ ሆነው ተኝተው አሁን ምን እናድርግህ?›› ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። ዘሀራ ግን እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅስ ጀመር። እኔም ቃሌን አልጠበቅኩም። የአባቴን ሱሪ ይዤ ከእሷ ብሼ ተንሰቀሰቅኩ።

‹‹ማነው የሚያለቅሰው?›› የሚል ደካማ ድምፅ ከውስጥ መጣ። ‹‹ሞትኩ እንዴ?››

ሀዋ ገብታ ነገረቻቸው። ጥቂት ቆይቶ አባቴን አስጠሩት፤ እኔም ሱሪውን ሳልለቅ ገባሁ። አባባ ሰይድ በጠፍር አልጋ ላይ ከሲታ ፊታቸው ብቻ ይታያል። አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ ‹‹ይቅር ይበሉኝ አባባ›› አለ። ሽማግሌው ዓይኑን አዩት።

‹‹አንተ ካሳ፣ ተኝተህ አታድርም እንዴ? ዓይንህ ደም መስሏል›› አሉት። ከዚያ ወደ ሀዋ ዞሩ። ‹‹ልብሷ አለ?››

‹‹አለ።››

‹‹ባሏስ ከመንደር ወጥቷል?››

‹‹እናቱ ቤት ነው።››

‹‹ሰውየውም መሣሪያውን ይዞ መጥቷል። እንግዲህ ድጋሚ ዳሯት፤ ሁለቴ መዳር ሀራም ነው ያለ የለም። አብሽሩ፣ እኔንም አውጡኝ።››

የሚቀጥለውን ሰዓት ሳስታውስ ዛሬም ሳልወድ እስቃለሁ። ሁሴንን ሊጠሩ ልጆች በሩጫ ሄዱ። የሰርጉ ሱሪ ታጥቦ ስለተሰጣ፣ ኮቱን በሽርጥ ላይ ደርቦ መጣ፤ አባቴም፣ ‹‹አይዞህ፣ ከወገብ በላይ ነው የማነሳህ›› አለው። የዘሀራ እጅ ላይ ሂናው ደብዝዟል። ከማሳ የተጠሩት ሚዜዎች ፀጉራቸው ላይ ገለባ አለ። ሀዋ ገና ቂሟን ሳትጨርስ፣ ‹‹ለፎቶው ብቻ ነው›› ብላ ድቤውን አመጣች። ለፎቶው ብቻ ብላም ያዘችው። ለፎቶው ብቻ አንዴ መታችው። ከዚያ አንዷ ጎረቤት ተቀበለች፣ ሌላዋ አጨበጨበች፤ መንደሩ የተበላሸ ሰርጉን ሊያስመስል ወጥቶ ሳያውቀው ደገሰ። አባቴ ፊልሙን ሁሉም እያዩት አስገባ፤ ባዞረ ቁጥር ከፊልሙ ጋር የምትዞረውን የካሜራውን ቁልፍ አጎንብሶ ያያል፣ ስትዞር አይቶ ይተነፍሳል።

አባባ ሰይድን ከነአልጋቸው ቁርቁራው ዛፍ ሥር አወጧቸው። ዘሀራ ከፊታቸው ተንበረከከች። በመጀመሪያው ቀን፣ አባቴ በኋላ እንደነገረን፣ ዱዓቸው አጭር ነበር፤ የባሏ ወገኖች እንዳይመሽባቸው እያጣደፉ ነበር። አሁን የሚያጣድፍ የለም። እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

‹‹እናትሽ ስትሞት ገና ጡት አልጣልሽም ነበር›› አሏት። ‹‹በፍየል ወተት ነው ያሳደግኩሽ። ያን ቀን ሰው በዝቶ ይሄን ሳልነግርሽ ሄድሽ፤ ተኝቼ ሲቆጨኝ ነበር። አንድም ቀን ከብደሽኝ አታውቂም። እዚያ አገር ቢከፋሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ማንንም ሳትጠይቂ ነይ።››

ድቤው ቆመ። ሀዋ ፊቷን አዞረች። አባቴ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ለትንሽ ጊዜ አላነሳም። ከዚያ ‹ቀጭ› አለ። አጎንብሶ ቁልፏን አየ፤ ዞራለች።

እርጎ ጠጥተን ተመለስን። ሀዋ እስከ መንገዱ ሸኘችንና ለኔ አንድ ቅል አይብ አሸከመችኝ። አውቶቡሱ ገና ከመነሳቱ አባቴ ተኛ፤ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። የሰው ጭንቅላት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ እስከ ቆቦ ድረስ ሳልንቀሳቀስ፣ ትከሻዬ ደንዝዞ፣ ካሜራውን በሁለት እጄ አቅፌ ሄድኩ። ፊልሙን ለሾፌር አልሰጠውም። ራሱ ደሴ ይዞት ሄደ፣ እዚያው ጠብቆ አሳጥቦ አመጣው። ዘሀራ ፎቶዋን ይዛ ሄደች። አባባ ሰይድም ከዚያ በሽታ ተነሱ፤ ፎቶውን ሲያሳዩዋቸው፣ ‹‹ይሄ በሽተኛ ማነው?›› ብለው ሳቁ አሉ። የሞቱት ከዓመታት በኋላ ነው። ዘሀራ አራስ ስለነበረች ለቀብር አልደረሰችም። ሀዋን ገበያ ሳገኛት፣ ‹‹ዘሀራ ሎግያ ሆና ያንን ፎቶ ይዛ ነው ያለቀሰችው›› አለችኝ።

አሁን ሥራው የኔ ነው። ስቱዲዮው በጦርነቱ ተዘርፎ፣ ዳክዬው ሸራና የአባቴ ፊልሞች የት እንደገቡ አይታወቅም። ዛሬም አንዳንድ ሰው መጥቶ፣ ‹የእናቴ የፎቶ አልበም ጠፍቶብኝ፣ ጋሽ ካሳ ፊልሙን አስቀምጦት ይሆን?› ይለኛል። የለም ማለት ሰልችቶኛል፤ ግን የለም። ጥር ሲገባ እኔም እንደ አባቴ ከሰርግ ሰርግ እዞራለሁ። ባጃጅ አለ፣ ካሜራው ቀላል ነው፣ የተነሳው ወዲያው ይታያል። ድካሙ ግን አልቀነሰም፤ ከወገብ ወደ ዓይን ተዛወረ እንጂ።

በቅርቡ ሮቢት አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። የሙሽራዋ አያት ልጅቱን ሲመርቁ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ፣ ‹‹እማማ፣ አንዴ ይድገሙልን፣ ብርሃኑ አልተመቸም›› አላቸው። ደገሙ። ‹‹አሁንም አንዴ፣ ወደዚህ ዞር ብለው።›› አሁንም ደገሙ፤ እያንዳንዱ ምርቃት ከፊተኛው እያጠረ ሄደ። ሙሽራዋም ቀና ብላ ልጁን ታያለች፣ ሆነ ይሆን እያለች። በመጨረሻ አሮጊቷ እጃቸውን ከራሷ ላይ አንስተው፣ ‹‹የቅድሙ ይበቃታል ልጄ፤ ከልቤ ነበር›› አሉት። ማንም አልሰማቸውም፤ ሙዚቃው ተከፍቶ ነበር። ዘሀራም ድጋሚ ተመርቃ ነበር። እንዲያውም ሁለተኛው ነበር የበለጠው። ያን ጊዜ ግን ሰው የጠፋበትን ሊመልስ ነበር የደገመው። አሁን የያዝነውን ሳናየው እንደግመዋለን።

ሳይመሽ ቤት ገባሁ። አባቴ በራፉ ላይ ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ በኮቴዬ ነው የሚለየኝ። ከሰርግ በመጣሁ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

‹‹ፎቶው ወጣ?››

መጀመሪያ አካባቢ፣ አሁን እኮ ወዲያው ነው የሚታየው፣ ፊልም የለውም፣ አይበላሽም እያልኩ አስረዳው ነበር። ትቼዋለሁ።

‹‹ወጥቷል አባዬ›› አልኩት።

‹‹ተመስገን›› አለና ወደ ኋላ ተደገፈ፤ ከባድ ነገር እንዳወረዱለት ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እኔም አጠገቡ ደፉ ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የዚያ ቀን ፎቶ እልፍ ነው፤ ሁሉም ወጥቷል። ከሁሉም ግን አንዱን እንኳ ላስታውስ ብል አልመጣልኝም።