አመድማ ቤት

ሴትዮዋ ለአራቱም ክፍል አንድ አመድማ ቀለም ብቻ ስታዝ ቀቢው ጆሮውን አላመነም ነበር። ዘመድ ሁሉ «ላንድ ሳምንት» እያለ የከመረባት ቁም ሳጥን፣ ፍራሽና ሻንጣ ወጥቶላታል፤ የቀራት አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው። ቀለም ቀሚሷ ላይ ሲፈናጠቅ እንኳ ትስቃለች።

ይኼኔ ታናሽ እህቷ ቡፌ አሸክማ ከች አለች።

«እትዬ፣ ይቺን ብቻ አስቀምጪልኝ። ደሞ ምነው ቤቱን አመድ አስመሰልሽው?»

ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ወደ ሴትዮዋ ዞረ፤ አፏ እሺ ማለት የለመደ ነዋ!

«ለሁላችሁም ስል ዕድሜ ልኬን አመድ አፋሽ ሆኜ ኖርኩ» አለች ሴትዮዋ። «ዛሬ አመዱን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እጄን ታጠብኩ። ቡፌሽን ወደ ቤትሽ፣ እህት ዓለም!»

ተሸካሚዎቹ ዞሩ። እሷም ባዶው ሳሎን መሀል ወንበር ስባ፣ እግሯን ዘርግታ፣ እፎይ አለች።