ሆዷ ነጭ እንቁራሪት

ውብነሽ እንቁራሪት ስታይ የምትጮህ ሴት ናት። ከአገር ቤት ጀምሮ እንዲሁ ናት። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት በፈረንጆቹ 2012፣ በሐምሌ ወር፣ በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታ፣ ግድግዳ ሙሉ የተንጠለጠሉ የጎማ እንቁራሪቶች ፊት ቆማ ቀለም የምትመርጠው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ጭንቋ ልጇ ነው። ቢንያም አንድ ለእናቱ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና፣ የመኪና ጭስ እየማገች ነው ያሳደገችው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ድምፁን ሰምታ አታውቅም። ጥፋቱም የማንም አይደለም፣ የራሷ ነው። ልጁ ሳቢራ የምትባል የሙስሊም ልጅ ወድዶ አብሯት መኖር ሲጀምር፣ ቁጭ ብላ ማነጋገር ሲገባት፣ የንስሐ አባቷን አባ ወልደአምላክንና ሁለት ሽማግሌዎችን ላከችበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው! ሽማግሌ ሊያስታርቅ ይሄዳል፤ ሊያጋባ ይሄዳል። ሊያለያይ ሲሄድ የት ታይቷል? ያውም በሩን የከፈተችላቸው ራሷ ሳቢራ ናት። “ይግቡ፣ ይግቡ” ብላ ወንበር ስባላቸው፣ እሷው ፊት “ተዋት” አሉት። ቢንያም ሽማግሌዎቹን በትሕትና ሸኘና የእናቱን ቁጥር ብሎክ አደረገ።

ዶሮ ወጥ ሠርታ በራፉ ላይ ብታስቀምጥ፣ ክዳኑ ሳይነካ በሰው እጅ ተመለሰላት። ስለት ተሳለች። እህል አልወርድ አላት። በመጨረሻ ስሂን የምትባል የሥራ ባልደረባዋ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየቻት። ቢንያም ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ አረም የሸፈነው ውሃ አጠገብ፣ ባስ የሚባለውን ዓሣ ታቅፎ ይስቃል። ከጎኑ ሳቢራም የራሷን የማጥመጃ ዘንግ ይዛ ቆማለች።

“ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ናቸው። የሚያጠምዱትም በጎማ እንቁራሪት ነው አሉ፣ አረሙ ላይ እያስሄዱ” አለቻት ስሂን።

ውብነሽ ፎቶውን በጣቷ አጎላችው። ያጎላችው ግን የልጇን ፊት ብቻ ነው።

እናት ወደ ልጇ ባዶ እጇን አትሄድም፤ ስለዚህ አርብ ከሥራ ወጥታ ሱቁ ገባች። ሻጩ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፣ ደግ ሰው። ዓሣው ከታች ወደ ላይ ስለሚያይ የሚታየው የእንቁራሪቷ ሆድ ብቻ መሆኑን እየገለበጠ አስረዳት። ለጠራራ ፀሐይ ሆዷ ነጭ፣ ለደመና ቀን ሆዷ ጥቁር። ነገ ደመና ነውና ጥቁሯን ይውሰዱ አላት። ውብነሽ አማተበች። ለተጣላት ልጇ ጥቁር ነገር ይዛ ልትሄድ? መርዶ ነጋሪ ናት እንዴ? ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ሆዷ እንደ ነጠላ የነጣውን መረጠች።

“ለስንት ሰው ነው?” አላት ሻጩ።

“ለአንድ” አለችው።

በማግስቱ ሰማዩ እንደተባለው ዳምኖ ዋለ። ወንዙ ዳር ስትደርስ፣ ሁለቱም ነበሩ። ቢንያም ሲያያት ክሩን መጠቅለል አቆመ።

“እማ፣ ማን ነገረሽ?”

“ይቺን... ይቺን ገዝቼልህ ነው።”

ተቀብሎ ገለበጣት። ሆዷን አየ፣ ሰማዩን አየ። ፊቱ ሊፈታ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ውብነሽ በዓይኗ አይታዋለች። ከዚያ ግን ዞር ብሎ ዘንጓን ይዛ የቆመችውን ሳቢራን ተመለከተ።

“የሷስ?”

ረሳሁት ልትል ነበር። አልረሳችውማ።

“ክላውዲ ሲሆን ነጭ አይሠራም፤ እሱ ኢሹ አይደለም” አለ ቢንያም ቀስ ብሎ። “ሁለት ነን፣ እማ።” እንቁራሪቷን መዳፏ ላይ መለሰላትና ዘንጉን አንስቶ ዳር ዳሩን ርቆ ሄደ።

ስሙን ጠራችው፤ አልዞረም። እንደገና ጠራችው። አለቀልኝ አለች፤ ልጄን በገዛ እጄ ቀበርኩት። ወደ መኪናዋ ለመመለስ ስትዞር ጭቃው አንሸራተታት፤ አንድ እጅ ክንዷን ባይይዛት ኖሮ በግንባሯ ትደፋ ነበር።

“ቀስ ይበሉ፣ እትዬ። መኪናዎ ድረስ ልሸኝዎት።”

ሽማግሌ የላከችባት ልጅ ናት። ውብነሽ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች፤ አፈረችም። መኪናዋ በር ላይ ሲደርሱ የይቅርታ ቃል ፈለገች፤ የመጣላት ግን ሌላ ነው።

“ላንቺስ፣ የኔ ልጅ? ላንቺስ የቱን ልግዛልሽ?”

ሳቢራ የመኪናዋን በር በአንድ እጇ ከፈተችላት፤ ክንዷን ግን አልለቀቀችም።