እናታቸው ያልተጻፈላቸው ጊደሮች

እናቴ መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ስትሞት ከሥራ የቀረሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ እዚህ ባሕር ማዶ በምኖርበት ከተማ፣ ከኦቴሎ ሰፈር ባቡር ይዤ ሬኒየር ቢች፣ ተቀጥሬ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ቤት ተገኘሁ። ጀግንነት አይደለም፤ ምንም ስላልተሰማኝ ነው። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህቴ በየሳምንቱ እየደወለች፣ "አንቺ፣ ኦኬ አይደለሽም። እስቲ አልቅሺና ይውጣልሽ። ሶ ቅዳሜ ፒክ አደርግሻለሁ፣ አብረን እናለቅሳለን" ትለኝ ነበር። ለቅሶ በቀጠሮ! እሺ እላትና ዕቃ ማጠቤን እቀጥላለሁ።

የሽማግሌው ዓይን ደክሞ ነበር፤ ምላሳቸው ግን ጤነኛ ነው። ሾርባዬን "የሆስፒታል ሾርባ" እያሉ ይሰድቡታል፣ ሁለት ሳህን ይጠጡታል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ልጃቸው የምትይዘው እርሻ ላይ፣ ጥቂት ላሞች ነበሯቸው። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ብሪታኒ ከሚባለው የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ የተገኘ ዝርያ ናቸው። እዚያ ገበሬው ብዙ ወተት የሚሰጡ ትልልቅ ላሞችን ሲመርጥ እነዚህ ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ጥቂት እልኸኞች እያንዳንዷን በመዝገብ እየጻፉ አተረፏቸው። ሽማግሌውም በዚህ ማዶ ከእልኸኞቹ አንዱ ነበሩ። በፈረንሳዮቹ ልማድ በአንድ ዓመት የተወለዱ ጥጆች ሁሉ ስማቸው የሚጀምረው በአንድ ፊደል ነው፤ እሳቸውም ስም እንፈልግ እያሉ ሳምንት ሙሉ ያሰለቹኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሦስት ሴት ጥጆች ተወለዱ። ልጃቸው በስልክ ነገረቻቸው፣ እሳቸው ለእኔ ነገሩኝ፣ እኔ የከብት መዝገብ ደብተራቸው ላይ ጻፍኩ። የፊተኞቹ ገጾች ከእሳቸው በቀር ማንም በማያነበው ጽሕፈት ተሞልተዋል፤ የእኔው ገጽ ግን የቱ ጋ ምን እንደሚጻፍ የማይናገር ባዶ መስመር ብቻ ነበር። ዕድሜ ልኬን ቅጽ እንደሞላሁት ሞላሁት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ጥጃዋ፣ ኮርማው፣ የኮርማው አባት። "የዚህችኛዋ እናት ያቺ ክፉዋ ናት፣ የምትራገጠው" እያሉ ስሟን ሲጠሩልኝ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ደግሞም በዚያ ሰሞን እናት የሚል ነገር ጆሮዬ ላይ አይቆምም ነበር።

"ሁሉንም ጻፍሽ?" አሉኝ።

"ሁሉንም" አልኳቸው።

ጥቅምት ላይ አረፉ። ያኔም አላለቀስኩም፤ አልጋቸውን አንጥፌ፣ መድኃኒታቸውን ሰብስቤ ወጣሁ። ልጃቸው ከብቱን ሁሉ የብርዱን ወራት ሙሉ መቀለብ ስላልቻለች፣ ጥጆቹን ከወለዱት ሦስት ላሞች ሁለቱን ለሥጋ ሸጠች። ጥጆቹ ግን ጊደር ወደ መሆኑ ደርሰዋል፤ ዝርያውን የሚያራባ ሰው ሊወስዳቸው ፈቅዷል፣ መዝገባቸው ከተሟላ። ካልተሟላ እነሱም ቄራ ነው የሚጠብቃቸው።

የአባቷን ቤት ስናጸዳ ደብተሩን ገለጠች።

"እናቶቻቸው የታሉ?"

"አባታቸውን ጽፌያለሁ።"

"አባታቸውማ አንድ ነው። የሚለያያቸው እናታቸው ናት። እሷ ካልታወቀች ነገ ከዘመዳቸው ጋር ሊዳቀሉ ይችላሉ፤ ማንም አይመዘግባቸውም።" የትኛዋ ጥጃ ከየትኛዋ ላም እንደተወለደች እሷም ረስታለች። ለአባቷ ነግራ ነበር፤ አባቷ ደግሞ አጽፈው ነበር።

እኛ አገር ስም በአባት እንደሚሄድ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ታዲያ ያንቺ እናት የት ነው የምትጻፈው?" አለችኝ፣ ከልቧ ለማወቅ ፈልጋ።

ሳህኖቹን በጋዜጣ መጠቅለሌን ቀጠልኩ።

የጊደሮቹና የቀረችው ላም ፀጉር ለምርመራ ተላከ። አንዷ የዚያች ላም ልጅ መሆኗ ታወቀና ተመዝግባ ሄደች። የሁለቱ እናቶች ግን ተበልተዋል፤ የሚመረመር ነገር አልተረፈም።

ጥር ላይ፣ ሁለቱን ወደ ቄራ የሚወስደው መኪና በሚመጣበት ጠዋት፣ ልጅቷ እርሻው ላይ ደብተሩን ሰጠችኝ። አባቷ መዝገብ ላይ ባዶ የቀረ ቦታ አይወዱም ነበር፤ እኔ የጀመርኩትን እኔው እንድጨርሰው ፈለገች። "እናት፦ አልታወቀችም" ብዬ የመጀመሪያዋን ጻፍኩ። ፓስፖርቴ ትዝ አለኝ፣ መንጃ ፈቃዴ፣ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ዲፕሎማ። ሁሉም ላይ አባቴ አለ፣ አንዳንዱ ላይ አያቴም አለ። እናቴ አንዱም ላይ የለችም። ሁለተኛዋ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እናቴ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩላት።

ልጅቷ ለጊደሮቹ ያለቀስኩ መሰላት። "ያንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም" እያለች ሶፍት ሰጠችኝ።